ኤች5ፒን ያለ ኢንተርኔት በላፕቶፕ ላይ ማስኬድ፦ የአምስት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ቅዳሜ

የያዝኩት ሥራ ስለ ማይክሮስኮፕ አያያዝ የሚያስተምር አጭር ኮርስ ነው። ቪዲዮው እየሄደ መሃል ላይ ይቆምና ጥያቄ ይጠይቃል። ተማሪው ሲመልስ እዚያው ያርመዋል። ለዚህ የመረጥኩት ኤች5ፒን ነው። ስሙ "ኤችቲኤምኤል5 ፓኬጅ" ከሚለው የተቆረጠ ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ የሚሠራው በብራውዘር ውስጥ ነው። ብቻውን ግን አይቆምም፤ ዎርድፕሬስ፣ ሙድል ወይም ድሩፓል በመሳሰሉ የድረ ገጽ ወይም የኮርስ ማዘጋጃዎች ላይ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ሆኖ ይገባል።

እስካሁን ስሠራ የነበረው ኦንላይን ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰዓት ሙሉ የለፋሁበትን ሳላስቀምጥ ኔትወርክ ሄደ፤ ሥራው ውሃ በላው። ያን ቀን ወሰንኩ። ሰርቨሩም፣ ዳታቤዙም፣ ማዘጋጃውም እኔው ላፕቶፕ ላይ ይሁኑ፤ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ልሥራ።

የያዝኩት ዕቃ፦ 8 ጊጋባይት ራም ያለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ፣ 30 ጊጋባይት ባዶ ቦታ፣ አንድ ፍላሽ። ለሶፍትዌር የከፈልኩት ነገር የለም። የወጣብኝ ጊዜና ዳታ ነው። ዛምፕ ብቻውን 150 ሜጋባይት ገደማ ይወርዳል።

ዛምፕ አፓቼ ሰርቨርን፣ ማሪያዲቢ ዳታቤዝንና ዎርድፕሬስ የተጻፈበትን ቋንቋ ፒኤችፒን ባንድ ላይ ጠቅልሎ የሚጭን ነው። ፕሮግራም ፋይልስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ አልጫንኩትም። ዊንዶውስ እዚያ ውስጥ እንደልብ መጻፍ አይፈቅድም፤ ኢንስቶለሩ ራሱም ያስጠነቅቃል። ቀጥታ ሲ ድራይቭ ሥር አስቀመጥኩት። ይህን አስቀድሜ በማወቄ ቢያንስ አንድ ራስ ምታት ቀረልኝ።

ቅዳሜ ማታ

አፓቼ አልነሳ አለ። "ስታርት" ስለው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሁለት ሰከንድ ሳይቆይ ይጠፋል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነበር። ዛምፕን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። 40 ደቂቃ ሄደ፤ የተለወጠ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ነው የመቆጣጠሪያው መስኮት ግርጌ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት። ፖርት 80 (ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበት የበር ቁጥር) ተይዟል፣ የያዘው ፕሮሰስ ቁጥሩ 4 ነው ይላል። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቼ "ኔትስታት -ኤኤንኦ" ስል ያንኑ አሳየኝ።

ቁጥር 4 ተራ ፕሮግራም አይደለም። የዊንዶውስ ሲስተም ራሱ ነው፤ ታስክ ማናጀር ገብቶ መግደል አይቻልም። ከወራት በፊት ለሌላ ሥራ ብዬ የዊንዶውስን የራሱን ዌብ ሰርቨር አይአይኤስን አብርቼው ነበር። ረስቼዋለሁ። እሱ ነው ፖርቱን ይዞ የተቀመጠው።

ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው አይአይኤስን ማጥፋት ነው። ያን ሌላ ሥራ ገና ስላልጨረስኩ ተውኩት። ሁለተኛው አፓቼን ወደ ሌላ ፖርት ማዛወር ነው። ኤችቲቲፒዲ ኮንፍ በሚባለው ፋይል ውስጥ "ሊስን 80" የሚለውን "ሊስን 8080" አደረግኩት። ከሥር "ሰርቨርኔም" የሚለው መስመር ላይም ያንኑ ቁጥር አስገባሁ። ስታርት። አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ላፕቶፑ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ "ሎካልሆስት" ብቻ አይደለም፣ "ሎካልሆስት:8080" ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ስክሪኑ ጎን ለጠፍኩት፤ ደጋግሜ ስለምረሳው።

እሑድ

ዎርድፕሬስን ማስገባት ቀላል ነበር፣ ከአንድ ነገር በስተቀር። ዚፑን ኤችቲዶክስ ፎልደር ውስጥ ስፈታው ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሆነ። አድራሻውን ስጽፍ 404 (አልተገኘም) ይለኛል። ፋይሉ አለ፣ እኔ የምጠራበት ቦታ ላይ ግን የለም። አንድ ደረጃ ወደ ላይ አወጣሁት፤ ተከፈተ።

ዳታቤዙን በፒኤችፒማይአድሚን ፈጠርኩ። የፊደል አደራደሩን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጌዋለሁ፤ በግዕዝ ፊደል ስለምጽፍ። ከዚያ የዎርድፕሬስ መጠይቅ፣ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ አለቀ። ጠቅላላ 20 ደቂቃ።

የኤች5ፒን ፕለጊን ዚፕ በእጄ አውርጄ ጫንኩት። አክቲቬት አልኩት። ወዲያው ገጹ አናት ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ መጣ። አንደኛው ሰርቨሩ ኤስኤስኤል (ግንኙነቱን የሚመሰጥር ጥበቃ) የለውም የሚል ነው። ይህን ለጊዜው አለፍኩት። (በአምስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣብኝ።) ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ ይህ ፒኤችፒ "ዚፕአርካይቭ"ን (የዚፕ ፋይል መክፈቻና መፍጠሪያውን) አይደግፍም።

ግራ ገባኝ። ፕለጊኑ ራሱ ዚፕ ሆኖ ነው የገባው፤ ታዲያ እንዴት ተፈታ? ቆይቶ ነው የገባኝ። ዎርድፕሬስ የፒኤችፒ ዚፕ ባይኖር እንኳ በውስጡ በያዘው ሌላ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ፋይሉን ይፈታል። ስለዚህ ጉድለቱ እስከዚያ ድረስ አልታየም። ኤች5ፒ ግን ያንን ይፈልጋል። የኤች5ፒ ፋይል በራሱ ዚፕ ስለሆነ፣ ያለሱ አንድም ነገር ማስገባትም ማውጣትም አይችልም።

ምክንያቱ የፒኤችፒ ስሪት ነው። ከ8.2 ጀምሮ በዊንዶውስ ላይ ዚፕ አብሮ የተሰፋ መሆኑ ቀርቷል፤ በፒኤችፒ ኢኒ ፋይል ውስጥ ማብራት ያስፈልጋል። መስመሩ እዚያው ውስጥ አለ፣ ፊቱ ላይ ግን ሰሚኮለን አለበት። ሰሚኮለን ካለበት ፒኤችፒ ያንን መስመር አያነበውም።

ሰሚኮለኑን አጠፋሁ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ አፓቼን ሪስታርት አደረግኩ። ማስጠንቀቂያው እዚያው አለ።

እንደገና ከፈትኩት። ሰሚኮለኑ የለም። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አደረግኩ። አሁንም ያው። አንድ ሰዓት ተኩል እዚህ ላይ ሄደ። በመጨረሻ "ፒኤችፒኢንፎ" የሚለውን ትእዛዝ አንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ጽፌ በብራውዘር ከፈትኩት። ይህ ገጽ ፒኤችፒ በትክክል የቱን ፋይል እንደሚያነብ ከነሙሉ መንገዱ ያሳያል። እኔ ሳርም የነበረው እሱን አልነበረም። ኖትፓድ ሴቭ ሲያደርግ ስሙ ላይ "ቲኤክስቲ" ጨምሮበት ሌላ ፋይል ፈጥሯል። ዊንዶውስ ደግሞ የስሙን ጭራ ስለሚደብቅ ሁለቱም አንድ ዓይነት መስለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

የፋይል ስም ጭራ እንዲታይ ቅንብሩን ቀየርኩ። ትክክለኛውን ፋይል አረምኩ። ጂዲ የሚባለውንም የምስል ኤክስቴንሽን በዚያው አበራሁት። ሪስታርት። ማስጠንቀቂያው ጠፋ።

አሁን አንድ ነገር ስቀይር መጀመሪያ የማደርገው የትኛው ፋይል እንደሚነበብ ማየት ነው። የዛምፕ መስኮት ላይ "ኮንፊግ" የሚለው ቁልፍም ትክክለኛውን ፋይል ቀጥታ ይከፍተዋል። እሱን ብጠቀም ኖሮ እሑዴ አይበላም ነበር።

ሳምንት 2፣ ማክሰኞና ረቡዕ

ኤች5ፒ ባዶውን ነው የሚገባው። ፕለጊኑ ማዕቀፍ ብቻ ነው። "ኢንተራክቲቭ ቪዲዮ"፣ "ድራግ ኤንድ ድሮፕ"፣ "ኮርስ ፕረዘንቴሽን" የሚባሉት የይዘት ዓይነቶች ከኤች5ፒ ሃብ በኢንተርኔት ይወርዳሉ። ያለ ኢንተርኔት ልሥራ ብዬ ለተነሳሁት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ካወረዷቸው በኋላ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣሉ።

ችግሩ ያ "አንድ ጊዜ" ነበር። ሃብ ላይ "ጌት" የሚለውን ስጫን ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ተቋረጠ ይለኛል። የእኔ መስመር ቀርፋፋ ነው። ሰርቨሩ የሚጠብቅበት ጊዜ ከማለቁ በፊት ፋይሉ አይደርስም።

የሞከርኩት፦ የፒኤችፒን "ማክስ ኤክስኪውሽን ታይም" ወደ 600 ሰከንድ ከፍ ማድረግ። ለውጥ የለም። የሚቆርጠው ፒኤችፒ ሳይሆን የማውረጃው የራሱ የጊዜ ገደብ ነው።

የሠራልኝ ሌላ መንገድ ነው። በኤች5ፒ የተሠራ ማንኛውም ምሳሌ እንደ ፋይል ከወረደ፣ ውስጡ ይዘቱ ብቻ አይደለም ያለው፤ ይዘቱ እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች በሙሉ አሉበት። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ፈጠን የሚልበት ቦታ ሄጄ አንድ የኢንተራክቲቭ ቪዲዮ ምሳሌ በብራውዘር አወረድኩ። ብራውዘር ቢቋረጥበት እንኳ ብዙ ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል። በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ከዚያ "ላይብረሪስ" የሚለው ገጽ ላይ አፕሎድ አደረግኩት። ኢንተራክቲቭ ቪዲዮ ራሱ፣ ውስጡ የሚገቡት የምርጫ ጥያቄ፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ ባዶ ቦታ ሙላ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገቡ።

ፍላሹ ላይ "ላይብረሪ" የሚል ፎልደር ከፍቼ አስቀመጥኩት። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስጭን ኢንተርኔት አያስፈልገኝም።

ዓርብ

ቪዲዮው። በስልክ የቀረጽኩት ነው፣ 6 ደቂቃ፣ 180 ሜጋባይት። አልገባም አለ። የፒኤችፒ ገደብ እኔ ጋ 40 ሜጋባይት ላይ ነበር።

እዚህ ጋ ሁለት ቅንብር አለ፤ አንዱን ብቻ የሚቀይር ሰው ይቸገራል። "አፕሎድ ማክስ ፋይልሳይዝ" የአንድ ፋይል ገደብ ነው። "ፖስት ማክስ ሳይዝ" ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚላከው የሁሉም ነገር ገደብ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከፍ ማለት አለበት። ካነሰ የሚሆነው ነገር ያደናግራል፦ ፒኤችፒ የተላከውን ፎርም ባዶ አድርጎ ነው የሚቀበለው። ብዙ ጊዜ ደህና የስህተት መልእክት እንኳ አይመጣም፤ ምንም ያልተላከ ይመስላል። የመጀመሪያውን 200፣ ሁለተኛውን 220 አደረግኩ። ገባ።

ገባ እንጂ አልታየም። አንደኛው ብራውዘር ላይ ድምፅ ብቻ፣ ምስሉ ጥቁር። ስልኬ የሚቀርጸው ኤች.265 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ነው፤ እሱን ሁሉም ብራውዘር አይከፍተውም። ሃንድብሬክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ወደ ኤች.264 ኤምፒ4 ቀየርኩት፣ ጥራቱን ወደ 720 አወረድኩት። 31 ሜጋባይት ሆነ። የማይክሮስኮፑ ማስተካከያ ላይ የተጻፈው ቁጥር አሁንም ይነበባል፤ የምፈልገው እሱን ነበር።

መጀመሪያውኑ ይህን ባደርግ ገደቡን መንካት እንኳ ባላስፈለገኝ። 31 ከ40 በታች ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ 42ኛው ሰከንድ ላይ አስገባሁ። ቪዲዮው ላይ እጄ ትልቁን ሌንስ ወደ ናሙናው ሲያስጠጋ ይታያል። ልክ ከመነካካታቸው በፊት ይቆማል፤ "አሁን የቱን ማዞሪያ ትነካለህ?" ይላል። "ፖዝ ቪዲዮ" የምትለውን ሳጥን ካልነኩ ጥያቄው ብቅ ይላል፣ ቪዲዮው ግን መሄዱን ይቀጥላል። ተማሪው እያነበበ ሌንሱ መስታወቱን ሲሰብር ያያል ማለት ነው። ሳጥኑን ነካሁት።

ሳምንት 3፣ ሰኞ

መጥፎ ቀን። ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ በድንገት ጠፋ። ዳታቤዙ ክፍት ነበር። ቻርጅ አድርጌ ሳስነሳ አፓቼ ተነሳ፣ ማሪያዲቢ እምቢ አለ። ሳይታሰብ ተዘጋ የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ብቻ ይደጋግማል።

ዘጠኝ ጥያቄ ሠርቼ ነበር። ባክአፕ አልነበረኝም። ሆዴ ባር ባር አለ።

እዚህ ጋ ቀስ ማለቴ ጠቀመኝ። የመጀመሪያው ምክር ሆኖ ያገኘሁት "አይቢዳታ1 የሚባለውን ፋይል አጥፋው፣ ይነሳል" የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን ያ ፋይል ኢኖዲቢ በሚባለው የማሪያዲቢ ማከማቻ ዘዴ የተቀመጡት ሠንጠረዦች ዋና መዝገብ ነው። እሱ ከጠፋ ዳታቤዙ ይነሳል፣ ሠንጠረዦቹ ግን ስማቸው እንጂ ውስጣቸው አይከፈትም። ዎርድፕሬስም ኤች5ፒም ጽሑፋቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካቴ በፊት "ዳታ" የሚባለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። ከዚያ በኋላ ብሳሳት እንኳ መመለሻ አለኝ።

ቀጥሎ የማሪያዲቢን የስህተት ሎግ ከፈትኩ። ሎጉ ረጅም ነው፤ የሚጠቅመው መጨረሻው ነው። ከታች ወደ ላይ አነበብኩ። "አሪያ ሪከቨሪ ፌልድ" ይላል። አሪያ ሌላው የማሪያዲቢ ማከማቻ ዘዴ ነው። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ መፍትሔውን ራሱ ይነግራል፦ በአሪያ ሠንጠረዦች ላይ "አሪያ ቼክ"ን በጥገና አማራጭ አስኪዱ፣ የአሪያ ሎግ ፋይሎችን አጥፉ። የተበላሸው የእኔ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ኢኖዲቢ አልነበረም። የተበላሸው ማሪያዲቢ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝርና ፈቃድ የሚይዝበት ክፍል ነው።

የአሪያ ሎጎቹን ወደ ሌላ ፎልደር አዛወርኩ፤ አላጠፋኋቸውም። "አሪያ ቼክ"ን በሠንጠረዦቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬድኩ። ሁለቱ ላይ ጠገነ፣ ሌሎቹ ደህና ነበሩ። ስታርት።

አረንጓዴ። ዘጠኙም ጥያቄ አለ። ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

በዚያው ቀን ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ላፕቶፑን ከመዝጋቴ በፊት ማሪያዲቢን "ስቶፕ" እላለሁ። ሁለተኛ፣ ማታ ማታ ባክአፕ እይዛለሁ። ባክአፑ ደግሞ ሁለት ነው፣ አንድ አይደለም። የጥያቄዎቹ ጽሑፍ ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ቪዲዮውና ሥዕሎቹ ግን በዎርድፕሬስ "አፕሎድስ" ውስጥ "ኤች5ፒ" የሚባል ፎልደር ውስጥ ናቸው። ዳታቤዙን ብቻ የያዘ ሰው ጥያቄ ያለው፣ ቪዲዮ የሌለው ኮርስ ነው የሚመልሰው። ከዚህ ሌላ፣ እያንዳንዱን ይዘት እንደ ኤች5ፒ ፋይል አውርጄ አስቀምጣለሁ። ያ ፋይል ሁሉንም ባንድ ይይዛል፣ ሙድል ላይም ይከፈታል፤ ሙድል ከ3.8 ጀምሮ ኤች5ፒን በውስጡ ይዟል።

ሳምንት 4

ሥራውን አብራኝ የምታዘጋጅ ባልደረባዬ አለች። የእሷ ኮምፒውተር ላይም አንድ ዓይነት ነገር ልጫን አልኩ። ዛምፕ ገባ፣ ፖርት 80 እሷ ጋ ነጻ ነው፣ ግን ሁለታችንም አንድ ዓይነት እንድንሆን 8080 አደረግኩት። ፎልደሩን ገለበጥኩ። የቀረው ዳታቤዙ ነው።

"ማይኤስኪውኤልደምፕ" በሚባለው ትእዛዝ ከፓወርሼል ሆኜ ዳታቤዙን ወደ ፋይል አወጣሁ። ውጤቱን ወደ ፋይል የላክሁት በተለመደው የ"ይበልጣል" ምልክት ነው። እሷ ኮምፒውተር ላይ ላስገባ ስል አልቀበልም አለ፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ዜሮ ባይት አለ ይላል። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቼ በዩቲኤፍ8 እንደገና ሴቭ አደረግኩት። ገባ። ደስ አለኝ።

ገጹን ስከፍት ርዕሶቹ በሙሉ ተበላሽተዋል። ፊደል የሚመስል ነገር የለም፤ የውጭ ፊደልና ሳጥን የተቀላቀለበት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ፎንቱ ነው" ይላል። እኔም ለአንድ አፍታ እንደዚያ አሰብኩ። ነገር ግን ፎንት ቢሆን ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር የሚታየው። ስለዚህ አንዱን ርዕስ ወስጄ ቆጠርኩት። "ሌንስ" ሦስት ፊደል ነው። በእሱ ቦታ የቆሙት ምልክቶች ዘጠኝ ናቸው። ሦስት ሦስት አድርጌ ስከፍላቸው የእያንዳንዱ ሦስትዮሽ የመጀመሪያው ምልክት አንድ ዓይነት ነው።

ያ ነገሩን ፈታው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ8 ሲጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም መሃል ላይ ገብቶ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮታል። ያ ፕሮግራም ፓወርሼል ነው። በዊንዶውስ አብሮ የሚመጣው ስሪት 5.1 በ"ይበልጣል" ምልክት የሚያልፈውን ጽሑፍ ዝም ብሎ አያሳልፍም። መጀመሪያ በኮንሶሉ የድሮ የፊደል ሰንጠረዥ ያነበዋል፣ ከዚያ በዩቲኤፍ16 ይጽፈዋል። ያ "ዜሮ ባይት" የተባለውም ከዚሁ ነው የመጣው። እኔ በኖትፓድ ያዳንኩት መስሎኝ ነበር፤ ቀድሞውኑ ተበላሽቶ ነው የደረሰኝ።

ትክክለኛው አሠራር፦ በምልክቱ ፋንታ "--ሪዛልት-ፋይል" የሚለውን አማራጭ መስጠት ነው። ያኔ ማይኤስኪውኤልደምፕ ፋይሉን ራሱ ይጽፈዋል፣ ፓወርሼል መሃል አይገባም። "--ዲፎልት-ካራክተር-ሴት" ላይም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አልኩት። የእሷን ዳታቤዝ አጥፍቼ እንደገና አስገባሁ። "ሌንስ" ሌንስ ሆኖ መጣ።

በአማርኛ ኮርስ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ፊደላችን ያለምንም ችግር በዳታቤዝ ይቀመጣል። ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው። ምልክቶቹን መቁጠር የት እንደተበላሸ ይጠቁማል።

ሐሙስ

ባልደረባዬ ደወለች። "የላክህልኝ ፋይል እምቢ አለኝ። ፎቶ አንስቼ ልላክልህ?" አለች። ላከችው። የሚያስፈልግ ላይብረሪ ጎድሏል ይላል፣ ከነስሙና ከነቁጥሩ። ፋይሉ ሲገለበጥ የተበላሸ መስሎኝ እንደገና ላክሁላት። ያው።

ፎቶውን አስፍቼ ሳየው ከሥር በትንሹ ሌላ መስመር አለ፦ ላይብረሪዎቹ ፋይሉ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፣ አንተ ግን አዲስ ላይብረሪ ለማስገባት ፈቃድ የለህም፣ አስተዳዳሪውን አነጋግር። እሷን ዎርድፕሬስ ላይ "ኦተር" አድርጌ ነበር ያስመዘገብኳት። ኦተር ይዘት መሥራት ይችላል፣ ላይብረሪ መጫን አይችልም። በአስተዳዳሪ ገብቼ ፋይሉን አንድ ጊዜ አስገባሁት። ከዚያ በኋላ እሷም ያለችግር መሥራት ቀጠለች። 10 ደቂቃ ይበቃው ነበር፤ ግማሽ ቀን ወሰደ፤ የመጨረሻውን መስመር ስላላነበብነው።

ሳምንት 5

የመጨረሻው ደረጃ፦ ሰርቨሩ እኔ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ሌሎች ኮምፒውተሮች በዋይፋይ ራውተሩ በኩል ኮርሱን እንዲከፍቱ። ኢንተርኔት የለም፣ ኔትወርክ ብቻ።

ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላፕቶፔን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ጻፍኩ፣ 192.168.1.20፣ ፖርቱን ጨምሬ። ምንም አልመጣም። የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። አፓቼን ለግል ኔትወርክ ብቻ ፈቀድኩለት። አሁን መጣ፤ ግን ጽሑፉ ብቻ፣ ቀለምና ቅርጽ የለውም፣ ቪዲዮም የለም። አንዱን ሊንክ ስነካ "ሎካልሆስት" ወደሚል አድራሻ ሄደ። ለዚያ ኮምፒውተር ሎካልሆስት ማለት ራሱ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ምንም የለም።

ዎርድፕሬስ ሲጫን የተሰጠውን አድራሻ ዳታቤዙ ውስጥ "ኦፕሽንስ" በሚባለው ሠንጠረዥ ይመዘግባል። "ሳይትዩአርኤል" እና "ሆም" የሚሉትን ሁለት መስመሮች ወደ አይፒው ቀየርኩ። ሌሎቹን አድራሻዎች በአንድ የኤስኪውኤል ትእዛዝ በጅምላ መተካት አምሮኝ ነበር። ተውኩት። ዎርድፕሬስ አንዳንድ ቅንብሮችን የሚያስቀምጠው ከነርዝመታቸው ነው። "ሎካልሆስት:8080" 14 ምልክት ነው፣ አዲሱ አድራሻ 17 ነው። ጽሑፉ ተቀይሮ ቁጥሩ ካልተቀየረ ቅንብሩ አይነበብም። ደብሊውፒ-ሲኤልአይ የሚባለው መሣሪያ ቁጥሩንም አብሮ ያስተካክላል፤ በእሱ ሠራሁት።

በማግስቱ እንደገና አልከፈተም። ላፕቶፑ ከራውተሩ አዲስ አይፒ ተሰጥቶታል። ራውተሩ ላይ 20 ቁጥር ለዚህ ላፕቶፕ ብቻ እንዲያዝ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።

ረቡዕ

ኮርሱ መጨረሻ ላይ ተማሪው ያየውን በድምፅ እንዲያስረዳ "ኦዲዮ ሪኮርደር" የሚባለውን የይዘት ዓይነት ጨምሬ ነበር። እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ሌሎቹ ላይ ማይክሮፎኑን አላገኘሁም ይላል። ማይክሮፎኖቹን ፈተሽኩ፣ ጤነኛ ናቸው።

ያቺ በመጀመሪያው እሑድ ያለፍኳት የኤስኤስኤል ማስጠንቀቂያ ነች። ብራውዘር ማይክሮፎንና ካሜራን የሚሰጠው ደህንነቱ ለተጠበቀ አድራሻ ብቻ ነው፣ ማለትም ለኤችቲቲፒኤስ። ሎካልሆስትን ብቻ በልዩ ሁኔታ ያምነዋል። ለዚህ ነው እኔ ጋ የሠራው፣ ሌሎቹ ጋ እምቢ ያለው። ይህ ገና አልተፈታም። የራሴን ሰርተፊኬት ሠርቼ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ እንደታመነ ማስመዝገብ ይኖርብኛል። ኮምፒውተሮቹ ስድስት ናቸው፤ የሚቻል ነው። እስከዚያ የድምፁን ክፍል በጽሑፍ መልስ ተክቼዋለሁ።

ዓርብ

ራውተሩ ላይ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ። ስድስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ኮርሱን ከፈትን። ባልደረባዬ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ቪዲዮው ጀመረ፣ ትልቁ ሌንስ ወደ ናሙናው ተጠጋ፣ 42ኛው ሰከንድ ላይ ቆመ። ጥያቄው መጣ። እሷ ሆን ብላ የተሳሳተውን መረጠች፤ "ትልቁን ማዞሪያ ከነካህ ሌንሱ መስታወቱን ይሰብረዋል" የሚለው ማረሚያ በአማርኛ፣ ፊደሉ አንድም ሳይበላሽ ወጣ።

እስካሁን የሄደብኝ ጊዜ ወደ 31 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ ኮርሱን መሥራት የወሰደው 9 ሰዓት ብቻ ነው። ሰኞ ሰርተፊኬቱን እጀምራለሁ።